የፒዛን የግብዓት ወጪ አስልቶ መሸጫ ዋጋ መተመን
የአንድን ፒዛ ወጪ ለማወቅ ሊጡን፣ የቲማቲም ስጎውን፣ ቺዙንና ከላይ የሚጨመረውን ሁሉ መዝኖ እያንዳንዱን በግራም ዋጋው ማባዛት ያስፈልጋል። የግራም ዋጋው የሚሰላው ግን ተልጦና ተከትፎ በሚተርፈው ክብደት ነው፤ ከ1000 ግራም ሽንኩርት 900 ግራም ብቻ ለሥራ ከዋለ፣ የተከፈለው ገንዘብ ለ900 ይካፈላል። ትርፍን ሳይታወቅ የሚበላው ብዙውን ጊዜ ቺዝ ነው፤ በእፍኝ እየተገመተ ሲበተን 120 ግራም መሆን የሚገባው 150 ቢደርስ፣ የቺዙ ወጪ በ25 በመቶ ይጨምራል፣ ደንበኛው ግን ልዩነቱን ልብ አይለውም። ለሚወሰድ ፒዛ ካርቶኑም (ዘወትር የሚረሳው እሱ ነው) ይደመራል። የግብዓት ወጪው ከመሸጫው 30 በመቶ እንዲሆን ከተፈለገና ድምሩ 90 ከሆነ፣ 90 ለ0.30 ሲካፈል ከግብር በፊት ያለው መሸጫ 300 ይሆናል። ቀሪው 210 ደመወዝ፣ ኪራይና የምድጃ ነዳጅ የሚከፈልበት ስለሆነ፣ ሙሉውን እንደ ትርፍ መቁጠር አይገባም።