የኦሲፖዲዴ ሸርጣኖችን ንዑስ ቤተሰብ በአካል ምልክት እንዴት እንለያለን?

ኦሲፖዲዴ የሚባለው የሸርጣን ቤተሰብ ሦስት ንዑስ ቤተሰቦች አሉት፤ ኦሲፖዲኔ፣ ጌላሲሚኔ እና ኡሲዲኔ። ይህ አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። ከዚያ በፊት ወንዱ አንድ ግዙፍ መቆንጠጫ ያለው ፊድለር ሸርጣን በሙሉ ኡካ በሚል የወል ስም ይጠራ ነበር። ዛሬ ፊድለሮች በሁለት ንዑስ ቤተሰቦች ስለተከፈሉ፣ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ትልቁ መቆንጠጫ ብቻውን መልስ አይሰጥም።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስና ነጭ ትሪ ያዘጋጁ። ሸርጣኑን ከኋላው በኩል፣ የጀርባ ቅርፊቱን ግራና ቀኝ በሁለት ጣት ይያዙት። በመቆንጠጫው ከያዙት ቆርጦ ጥሎት ያመልጣል፤ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል።

በመጀመሪያ ገልብጠው ጾታውን ይለዩ። ከሆዱ ስር የታጠፈው ክፍል ጠባብ ከሆነ ወንድ፣ ሰፊና ክብ ከሆነ ሴት ነው። የሴት ፊድለር ሁለቱም መቆንጠጫዎች ትንንሽ ስለሆኑ ይህን የዘለለ ሰው ሌላ ዓይነት ሸርጣን ያገኘ ይመስለዋል።

ከዚያ ወደ ዓይኑ ይሂዱ፤ ከሁሉም የበለጠ የሚታመነው ምልክት እዚህ ነው። ዓይኑ ያበጠና የተሸከመውን ዘንግ አብዛኛውን ክፍል የሸፈነ ከሆነ ጎስት ሸርጣን (በአሸዋማ ዳርቻ ጉድጓድ የሚቆፍር ሸርጣን) ነው፤ ኦሲፖዲኔ ብለው ይመዝግቡ። በአንዳንድ ዝርያዎች ከዓይኑ በላይ ቀንድ ይወጣል፤ ግልገሎቹ ግን ስለሌላቸው ቀንድ መታጣቱ ምንም አያረጋግጥም። ዘንጉ ረጅምና ቀጭን፣ ዓይኑም ጫፉ ላይ ብቻ የተቀመጠ ትንሽ ከሆነ ፊድለር ነው።

ኡሲዲኔ የአሜሪካ አህጉራት ማንግሮቭ (በባሕር ዳርቻ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደን) ነዋሪ ነው፤ ሁለት ዝርያዎች ብቻ አሉት። ሰውነቱ ያበጠ፣ የወንዱ መራመጃ እግሮች ረጅም ጸጉር ያላቸው ናቸው።

የሚያስቸግረው ፊድለሩ ነው። በሁለቱ የዓይን ዘንጎች መነሻ መካከል ያለውን ግንባር በሌንስ ይዩ። ስፋቱ ከአንድ ዘንግ ውፍረት ብዙም ካልበለጠ ጠባብ፣ በግልጽ ከበለጠ ሰፊ ይባላል። በአሜሪካ ዳርቻዎች ጠባብ ግንባር ያለው ዛሬም ኡካ የሚለው ስም የቀረለት ፊድለር ነው፤ ከጎስት ሸርጣን ጋር ኦሲፖዲኔ ውስጥ ይገባል። ሰፊ ግንባር ያለው ጌላሲሚኔ ነው። በሕንድ ውቅያኖስና በምዕራብ ፓስፊክ ግን ጠባብም ይሁን ሰፊ፣ ፊድለር ሁሉ ጌላሲሚኔ ነው። በምዕራብ አፍሪካና በደቡብ ስፔን ዳርቻ የሚገኘው ብቸኛ ፊድለር አፍሩካ ደግሞ ኦሲፖዲኔ ነው። ስለዚህ የተገኘበት ቦታ ያልተጻፈበት ናሙና ከዚህ ደረጃ አያልፍም።

ተቆርጦ እንደገና የበቀለ መቆንጠጫም ያሳስታል፤ ቀለል ያለና ጉብታዎቹ ያነሱ ስለሚሆን የመቆንጠጫ ምልክት ከእሱ አይውሰዱ። ከመልቀቅዎ በፊት ከላይ፣ ከፊት፣ ከሆዱና ከትልቁ መቆንጠጫ ውስጠኛ ገጽ አራት ፎቶ ያንሱ።