የሚንተባተብ ልጅ ፊት የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ቡና ሲፈላ ልጅ ተጠርቶ እንግዳ ፊት ይቆማል። «ና ሰላም በል! ስምህ ማነው?» ይባላል። ለሚንተባተብ ልጅ ይህ ከባድ ፈተና ነው። ሌላ ቃል ሲያስቸግረው በሌላ ይተካዋል። ስሙን ግን በምን ይተካል?

«ዳ... ዳ...» እያለ ሲታገል አክስት ፈጥና «ዳዊት ነው» ትላለች። በደግነት ነው። ከስህተቶች ሁሉ ግን እኔ የማስቀድመው ይሄን፣ ቃል መጨረስን ነው። የሚያሾፍበትን ልጅ ሊሸሸው ይችላል፤ ከአክስቱና ከእናቱ ግን የት ይሸሻል? ደግሞ ግምታችን ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ልጁ ለማለት ያልፈለገውን «እሺ» ብሎ ተቀብሎ ዝም ይላል። ፊቱን እያያችሁ ጠብቁት። ስኒው ይቀዝቅዝ።

«ቀስ በል፣ ተረጋጋ፣ መጀመሪያ ተንፍስ» ማለትም አይረዳም። ሊናገር የፈለገውን ያውቀዋል፤ የያዘው ድምፁን ማውጣቱ ነው። ትእዛዙ «እያበላሸህ ነው» የሚል መልእክት ብቻ ያደርሰዋል። ቀስ ማለት ያለብን እኛ ነን። እናት ረጋ ብላ ስታወራ፣ ጥያቄ ስትቀንስ፣ ልጁም የሚያጣድፈው አይኖርም።

ሌላው ስህተት «ሲፈልግ ይናገር የለ? እያስመሰለ ነው» የሚለው ነው። ልጁ በቡሄ ጭፈራ ከጓደኞቹ ጋር ሳይደናቀፍ ሲያዜም ይታያል። የቄስ ትምህርት ቤትም ከልጆቹ ጋር በአንድ ድምፅ ፊደል ሲቆጥር ችግር የለበትም። ብቻውን ተነስቶ አንብብ ሲባል ግን ይያዛል። ማስመሰል አይደለም። መንተባተብ በዜማና አብሮ በማንበብ ጊዜ በጣም ይቀንሳል፤ የታወቀ ባሕርይው ነው። መምህር ይህን ካወቀ ከመቅጣት ይልቅ ከአንድ ጓደኛው ጋር አብረው እንዲያነቡ ያደርጋል። ልጁን ሳያስነብቡ ጨርሶ ማለፍም ጥሩ አይደለም፤ ለብቻ ጠርቶ «እንዴት ቢሆን ይሻልሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ዝም ሲል «ተሻለው» ማለትስ? ብዙ ልጆች መንተባተባቸውን መደበቅ ይማራሉ። ፒያሳ ካፌ ገብቶ ኮካ የጠማው ልጅ «ኮ» አልወጣ ሲለው ሚሪንዳ ያዛል። ሱቅ ሲላክ በጣቱ ያሳያል። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም። ውጤቱን የሚያይ ሰው ሰነፍ ሊለው ይችላል። እኔ ጎልቶ ከሚሰማው መንተባተብ ይልቅ ይሄኛው ያሳስበኛል።

ምክንያቱን በተመለከተም ብዙ ይባላል፦ ደንግጦ ነው፣ ሰው አይቶት ነው፣ እናቱ አሞላቃው ነው። እናትን መውቀስ ይብቃ። መንተባተብ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። በዘር የመተላለፍ ዝንባሌ አለው፣ አእምሮ ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድ ጋርም ይያያዛል። ከማሰብ ችሎታ ጋር አይገናኝም። ጠበል መውሰድ የእምነት ጉዳይ ነው። ልጅን አስደንግጦ «ይለቀዋል» ማለት ግን ጉዳት ብቻ ነው።

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ በሆነ ጊዜ ይንተባተባሉ፣ አብዛኞቹም ይተዉታል። ነገር ግን ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ በቤተሰብ ውስጥ የሚንተባተብ ካለ፣ ወይም ሲናገር ፊቱ ከተጨናነቀ መጠበቁ ይቅር። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ሄዶ መጠየቅ መነሻ ይሆናል።

ቤት ውስጥ ነገሩን እንደ ነውር መሸፋፈንም አለ። ልጁ እንደሆነ ያውቀዋል። ማታ እራት ላይ «ዛሬ ቃሉ አስቸገረህ አይደል? እኔ አልቸኩልም፣ ንገረኝ» ብትሉት ይበቃል። ከዚያ የነገራችሁን ነገር አዳምጡ፤ ስለ ኳስም ይሁን ስለ ጓደኛው፣ መልሱለት።