የስዊድን የእንጨት እጅ ስራ ስትሰበስቡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ስዊድን ያላችሁ፣ ሎፒስ የሚሉት የአሮጌ እቃ ገበያ ስትዞሩ የተቀረፀና የተቀባ እንጨት አይታችሁ ማለፍ የሚያቅታችሁ ካላችሁ ይሄን አንብቡት።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ማጠብ ነው። አቧራ ይዟል ብለው በሳሙና ፈትገው ያወጡታል፣ አንዳንዱ የድሮ ቀለም ግን በሙጫ የተበጠበጠ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፣ ያ ሁሉ አበባ ስፖንጁ ላይ ይቀራል በቃ። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል። ላዩ ላይ አዲስ ቀለም መቀባትማ ጭራሽ! ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዛ ለተላጠው ለድሮው ቀለም ነው።

ቀይ የተቀባ የእንጨት ፈረስ ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። የዳላርና ፈረስ ይሉታል፣ ዳላርና የስዊድን ክፍለ ሀገር ነው፣ ዓለም ያወቀው በ1939 የኒውዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ ትልቁ ከቆመ በኋላ ነው፣ ከዛ ወዲህ እዛው ዳላርና ኑስኔስ መንደር ያሉት ወርክሾፖች በገፍ ሰርተው ለቱሪስት ሸጠውታል። አዲሱም ያምራል፣ ግን በአዲስ ዋጋ ግዙት። ደግሞ አበባውን ቀረብ ብላችሁ እዩ፣ ኩርቢትስ በሚባለው አሳሳል ባለሙያው አንድ ብሩሽ ላይ ሁለት ቀለም ይዞ ባንዴ ነው የሚስበው፣ ስለዚህ አንዱ ቀለም ሌላው ውስጥ እየገባ ይሄድና ጫፉ ላይ ይቀጥናል። ታትሞ የተለጠፈ ላይ ይሄን አታገኙም።

የተቀረፀ ዓመተ ምህረት ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ድሮ ወንዱ ለእጮኛው ቀርፆ የሚሰጣት የልብስ ማለስለሻ ሰሌዳ አለ፣ እጀታው ብዙ ጊዜ ፈረስ ነው፣ ዋጋውም ስለሚወደድ አስመስለው የሚሰሩት አይጠፉም። እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ በጣታችሁ ዳብሱት፣ በስራ ያረጀ ከሆነ እዛ ጋ ልሙጥ ይላል፣ ሁሉም ጠርዝ እኩል ስለታም ከሆነ ወይ ደሞ እኩል የተፋቀ ከሆነ ተጠራጠሩ።

የሰው ምስል የምትሰበስቡ፣ ሸካራ የተጠረበ ገበሬ ሁሉ የዶደርሁልታርን ነው ሲሏችሁ አትቸኩሉ። ዶደርሁልታርን የሚሉት እንጨት ቀራጩን አክሴል ፔተርሶንን ነው፣ በ1925 ነው የሞተው፣ እሱን ተከትለው የቀረፁ ብዙ ናቸው። ኦስካርስሃምን ከተማ ያለው የሱ ሙዚየም ሄዳችሁ አይናችሁን አሰልጥኑ።

ነቀዝ ደግሞ አለ። ቀዳዳው ስር አዲስ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ትሉ በህይወት አለ ማለት ነው፣ ከሌሎቹ እቃዎች ለዩት። በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉና ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት፣ ስታወጡት ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ ፕላስቲኩን አትክፈቱ፣ አለበለዚያ ላቡ ቀለሙ ላይ ያርፋል።