ግድግዳው ሲረጥብ መጀመሪያ አሸንዳውን እዩ

ያለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ባሕር ዳር እናቴ ቤት፣ የሳሎኑ ግድግዳ ከታች ረጠበ። ቀለሙ አበጠ፣ ከዚያ እየተላጠ ወረደ። ቀለም ቀቢ መጥቶ ፋቀው፣ እንደገና ቀባው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ያው ሆነ። ሌላ ባለሙያ መጣና «ቆርቆሮው አርጅቷል፣ ሙሉውን ቀይሩት» አለን። ዋጋውን ሲነግረን እናቴ ዝም አለች።

በማግስቱ ከሰዓት ዶፍ ጣለ። ጃንጥላ ይዤ ወጣሁና ወደ ላይ አንጋጠጥኩ። ቆርቆሮው ምንም አልሆነም። ውሃው አሸንዳው ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ መውረጃ ቱቦው መሄድ ሲገባው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል። እዚያ ይሞላና ይገነፍላል። የሚወድቀው ደግሞ ልክ የሳሎኑ ግድግዳ እግር ላይ ነው። ቆርቆሮ አልቀየርንም። ሲባጎ፣ መዶሻና የአንድ ጠዋት ሥራ በቃው።

እንዲህ ያለ ነገር የብዙ ቤት ገንዘብ ይበላል። ምልክቱ የሚታየው ግድግዳው ላይ ነው። ምክንያቱ ግን ሦስት አራት ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከላይ ነው ያለው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ ዝናብ እየዘነበ ውጡና ውሃውን በዓይናችሁ ተከተሉት። ከየት ይገባል? የት ይቆማል? ከየት ይወድቃል? አሥር ደቂቃ ይበቃል። መሰላል ግን አትውጡ። በዝናብ ከመሬት ሆናችሁ እዩ፣ ሲደርቅ ውጡ። የመብራት ገመድ በጣሪያው ጠርዝ በኩል የሚገባ ከሆነ መሰላሉን ከዚያ አርቁት።

የውሃውን ብዛት አትናቁ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 1,200 ሊትር ይሆናል። ስድስት በርሜል፣ በአንድ ከሰዓት! ባሕር ዳር ደግሞ በዓመት በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። ያ ሁሉ ውሃ በቀጭን ላሜራ ላይ ነው የሚያልፈው።

ክፍሎቹ ብዙ አይደሉም። ውሃውን የሚቀበለው አሸንዳው ነው። የሚሸከሙት ማቀፊያ ብረቶች ናቸው፤ እነሱም በጣሪያው ጠርዝ ጣውላ ላይ ይመታሉ። ጫፎቹ በክዳን ይዘጋሉ። ከአሸንዳው ሆድ ውሃው በመውጫው አፍ ይወርድና፣ በኤልቦ (በታጠፈችው አጭር ቱቦ) ታጥፎ፣ ግድግዳውን ተከትሎ በመውረጃ ቱቦ መሬት ይደርሳል። አሁን ወደ ችግሮቹ።

ዶፍ ሲሆን በጠርዙ ላይ ይገነፍላል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቅጠል ነው። ከተማችን ዛፍ አላት፣ እሰየው። ግን የማንጎ ቅጠል ጠንካራና ሰፊ ነው፤ ሁለት ሦስቱ ተደራርበው የመውጫውን አፍ ይደፍኑታል። የዘንባባ ጭረት ደግሞ ቱቦው ውስጥ ገብቶ እንደ መረብ ሌላውን ቆሻሻ ይይዛል። ድንቢጥም ጎጆ ትሠራለች።

መለየት ቀላል ነው። ቅጠሉን በእጃችሁ አውጡ (ጓንት አድርጉ፣ የላሜራ ጠርዝ ይቆርጣል)። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ መውጫው አፍ አጠገብ አፍስሱ። ሽው ብሎ ከወረደ ችግሩ ቅጠሉ ብቻ ነበር። ቆሞ ከቀረ ቱቦው ራሱ ተደፍኗል፤ ብዙ ጊዜ ኤልቦው ላይ። ኤልቦውን ፈታችሁ አውጡት። በብረት ዘንግ ከላይ መጠቅጠቅ ቆሻሻውን ያጠብቀዋል እንጂ አያወጣውም።

ብዙ ሰው አሸንዳውን ከዳር እስከ ዳር በወንፊት ሽቦ ይሸፍናል። እኔ አልወደውም። ቅጠሉ ሽቦው ላይ ይነጠፍና ውሃው በላዩ ተንሸራቶ ይወርዳል። ሽቦውን እንደ ቆብ አጉብጣችሁ መውጫው አፍ ላይ ብቻ አስቀምጡት። ቅጠል ዙሪያውን ቢይዘው እንኳ ውሃው ከላይ በኩል ይገባል።

ሁሉም ንጹህ ሆኖ አሁንም የሚገነፍል ከሆነ ቱቦው ጠቧል። ለግምት የሚሆን ልክ አለ፦ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የቱቦ አፍ። በዚህ ስሌት 110 ቱቦ (ቁጥሩ የቱቦው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው) ለ90 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ 75 ቱቦ ለ40 ገደማ። 50 ቱቦ ግን 20 እንኳ አይሞላም። ስንት ቤት ነው በ50 ቱቦ ክረምቱን የሚገፋው! በኛ ዶፍ ከስሌቱ ትንሽ አብልጡ። አሸንዳው ከ10 ሜትር በላይ ከረዘመም ሁለተኛ መውረጃ ጨምሩለት።

ዝናቡ ቆሞም ውሃው አሸንዳው ውስጥ ይቀራል

ይህ የእናቴ ቤት ችግር ነው። ምክንያቱ ተዳፋት ማነስ ወይም ወደ ተሳሳተው ጫፍ ማዘንበል ነው። አንዳንድ ጊዜ ሲሠራ ጀምሮ ነው። ብዙ ጊዜ ግን መሐል ላይ አንድ ማቀፊያ ይላላና አሸንዳው እዚያ ይሰምጣል። የቆመ ውሃ ላሜራውን ያዝገዋል፣ ክብደቱም ሌሎቹን ማቀፊያዎች ይነቅላል። ከሳምንት በላይ ከቆየ ደግሞ የትንኝ መራቢያ ይሆናል። ጣና ዳር ለምንኖር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ከመውጫው ርቆ ባለው ጫፍና በመውጫው መካከል ሲባጎ ወጥሩ። ለእያንዳንዱ ሜትር ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅታ ይኑረው። 10 ሜትር ከሆነ መውጫው ከሌላው ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ከፍታውን በዓይን አትገምቱ፤ ግንበኞች የሚለኩበት ውሃ የሞላ የጎማ ቱቦ አይዋሽም፤ በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ከፍታ ላይ ነው የሚቆመው። ከዚያ ማቀፊያዎቹን አንድ በአንድ ፈትታችሁ በሲባጎው ልክ ምቷቸው። በመካከላቸው ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይኑር። አንድ ሜትር ተኩል እየተራራቀ የተመታ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው አንድ ክረምት አይከርምም።

ማቀፊያው የተመታበት ጣውላ ከበሰበሰ ሚስማሩ አይይዝም። ጣውላውን በቢላ ጫፍ ወጋ አድርጉት። እንደ ገንፎ ከገባ መጀመሪያ እሱ ይቀየር።

ውሃው ከአሸንዳው ኋላ ይወርዳል

ይህን ከውጭ ማየት ይከብዳል። ምልክቱ የኮርኒሱ ጠርዝ ቡናማ መሆን ወይም የጣሪያው ጣውላ መጥቆር ነው። አብዛኛው ሰው «ጣሪያ ያፈሳል» ብሎ ሚስማር ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። እውነቱ ግን ውሃ የቆርቆሮውን ጫፍ ዞሮ፣ ከሥሩ ተጣብቆ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቆርቆሮው አጭር ሲሆን በአሸንዳውና በጣውላው መካከል ሰተት ብሎ ይወርዳል።

የቆርቆሮው ጫፍ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ አሸንዳው ውስጥ መግባት አለበት። ካጠረ ቆርቆሮ መቀየር አያስፈልግም። 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ላሜራ አሳጥፉ፤ አንዱ ጎን ከቆርቆሮው ሥር ይገባል፣ ሌላው ጎን አሸንዳው ውስጥ ይወርዳል። በተቃራኒው ቆርቆሮው በጣም ከረዘመ ዶፉ አሸንዳውን ዘሎ ያልፋል። ያኔ አሸንዳውን ወደ ውጭ አውጡት ወይም ቆርቆሮውን ቁረጡ።

ከመገጣጠሚያው ይንጠባጠባል፣ ወይም ተበስቷል

መገጣጠሚያ ሲደረብ የላይኛው ላሜራ ከውስጥ፣ የታችኛው ከውጭ መሆን አለበት። ተገልብጦ ከተሠራ ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ራሱ ይገባል፣ ሲሊኮን ቢሞሉበትም ለጊዜው ነው። ድርቡ ትክክል ሆኖ የሚንጠባጠብ ከሆነ አሮጌውን ሲሊኮን ሙሉ በሙሉ ፋቁ፣ እጠቡ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ይምታው፣ ከዚያ አዲስ ቀቡ። እርጥብ ላሜራ ላይ ሲሊኮን አይዝም። አሮጌው ላይ መደረብም ገንዘብ መጣል ነው።

አንድ ሁለት የዝገት ቀዳዳ በላሜራና በሲሊኮን ይጠገናል። ቀዳዳው ከበዛ ያንን ቁራጭ ቀይሩት። በሲሚንቶ የሚደፍኑ አሉ፤ ሲሚንቶው በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ እርጥበት ይዞ ዝገቱን ያፋጥናል።

ሁሉም ደህና ነው፣ ግድግዳው ግን እርጥብ ነው

እንግዲያው ወደ ታች እዩ፤ የቱቦው ጫፍ የት ነው የሚያልቀው? ግድግዳው እግር ላይ ከሆነ አሸንዳው የጣሪያውን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ እየደፋው ነው። ይህ አሸንዳ ከሌለው ቤት ይብሳል። የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጊቱ ከታች ይረግፋል። ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ቤት ደግሞ አፈሩ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ወለሉና ግድግዳውም አብሮ ይሰነጠቃል።

በቱቦ ወይም በተለሰነ ቦይ ውሃውን ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል አርቁት። ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ግን በፍጹም አታስገቡ። ጣና አጠገብ በክረምት የከርሰ ምድሩ ውሃ ራሱ ቅርብ ነው፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ግቢው ላይ ይወጣል። ወደ ጎረቤት ግቢም አትልቀቁ። በአንድ ቱቦ ምክንያት ዕድር እስኪገባ የተኳረፉ ሰዎች አውቃለሁ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ማጠራቀም ነው። በርሜል ወይም ታንከር ከቱቦው ሥር ይቀመጥ። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባል። እሱን አትያዙት፤ ለ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ የመጀመሪያው 60 ሊትር ያህል ይፍሰስ። ክዳኑን ዝጉ። ታንከሩ ሲሞላ ትርፉ የሚወጣበት ቱቦም ይኑረው፣ ያም ከግድግዳው ይራቅ። እናቴ ቤት ይህን የመጨረሻውን ረስተነው ነበር። በመስከረም በርሜሉ ሞልቶ ሲፈስ ቀድማ ያየችው እሷ ናት። አሁን ትርፉ በቦይ ወደ ጌሾዋ ይሄዳል።