ለፍቅረኞች ቀን በእጅ የሚሠራ ካርድ

ፌብሩዋሪ 14 የሚታሰበው ቅዱስ ቫለንታይን የሮም ሰማዕት ነው። ዕለቱን ከፍቅር ጋር ያስተሳሰረው ግን እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር ሳይሆን አይቀርም፤ ወፎች በዚያ ቀን ጥንዳቸውን እንደሚመርጡ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገጥሟል።

ካርዱን ራሳችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ፣ በ1840ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ዉስተር ከተማ የፍቅረኞች ቀን ካርዶችን እየሠራች መሸጥ የጀመረችው አስቴር ሃውላንድ ድንቅ ብልሃት አላት። ከነጭ ዳንቴል ወረቀት ሥር ደማቅ ቀይ ወረቀት አድርጉ፤ የጥልፉ ቅርጽ ወዲያው ጎልቶ ይወጣል። ከዚያ 1 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸውን ቁራጭ ወረቀቶች እንደ አኮርዲዮን እያጠፋችሁ በዳንቴሉና በካርዱ መካከል አጣብቁ። ዳንቴሉ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ እጅግ ያምራል! ከኬክ ሥር የሚነጠፈው ባለ ጥልፍ ወረቀት ለዚህ ይበቃል። ሙጫ አታብዙ፤ ስስ ወረቀትን ያኮማትራል። መልእክታችሁንም ከማጣበቃችሁ በፊት ጻፉ።