ከደሴ በእግር ወይም በሳይክል ስትወጡ በስልክ ካርታ እንዳትሸወዱ

ደሴ ቁጭ ብሎ ስልኩን የከፈተ ሰው ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኗን ያይና «ይቺማ ቅርብ ናት፣ ጠዋት በሳይክል ወርጄ ለምሳ እመለሳለሁ» ይላል። ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄ ነው፤ ርቀቱን አይቶ ከፍታውን መርሳት። ደሴ ያለችው 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ፍሬን ይዛችሁ የወረዳችሁትን ሁሉ ስትመለሱ ፔዳል እየረገጣችሁ ትወጡታላችሁ፣ ያውም ከ600 ሜትር በላይ ነው። ለእግረኛ እ.ኤ.አ. በ1892 ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ኔይስሚዝ ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር ሜዳ አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ለምትወጡት ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ከፍታ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። የጦሳን ተራራ ለመውጣት ካሰባችሁ ካርታው ላይ የከፍታ መስመሮችን አብሩ። መስመሮቹ ተጠጋግተው ካያችሁ ቦታው ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ በዚያ በኩል አቋራጭ አትፈልጉ።

ሁለተኛው፣ የመኪናውን ምልክት እንደተመረጠ መተው። የእግር ወይም የሳይክሉን ካልነካችሁ ካርታው የሚመራችሁ ለመኪና ነው፣ እና ኮምቦልቻ አካባቢ መኪና ማለት የጅቡቲ ከባድ መኪና ጭምር ነው። ጠመዝማዛው ላይ ከኋላ ሲመጣባችሁ የምትሸሹበት የመንገድ ዳር ሁልጊዜ አታገኙም። እባካችሁ ይሄን አትናቁት።

ካርታውን ቤት ሳሉ ዳውንሎድ አለማድረግም አለ። ጂፒኤስ የሚሠራው በሳተላይት ስለሆነ ዳታ አይፈልግም፣ ዳታ የሚፈልገው የካርታው ሥዕል ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ በሚባሉት የካርታ አፖች ላይ አካባቢውን ቀድማችሁ ካወረዳችሁ ኔትወርክ ቢጠፋም ያላችሁበትን ታያላችሁ። ገደል ስር ግን ሰማዩ ስለሚጋረድ ያላችሁበትን የምታሳየው ነጥብ ወዲያ ወዲህ ትዘላለች፣ ወደ ገላጣ ወጥታችሁ እንደገና እዩ። ባትሪ ሙሉ ይሁን።

የተሳለ መስመር ሁሉ መንገድ ነው ብሎ ማመንስ? ሁለቱም አፖች የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውን ኦፕንስትሪትማፕ የተባለ ነፃ የዓለም ካርታ ነው፤ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ብዙውንም ከሳተላይት ፎቶ አይተው ነው የሚስሉት። በበጋ ፎቶ ላይ ደረቅ የነበረ ጅረት ነሐሴ ላይ ሙሉ ወንዝ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ቀጭኗ መንገድም የሰው ገብስ ማሳ ውስጥ ገብታ ትቀራለች። እረኛ ካገኛችሁ «ይሄ መንገድ የት ያደርሳል?» ብቻ አትበሉ፣ «ዛሬ ወንዙ ያሻግራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትመለሱ ደግሞ ስህተት የሆነውን መስመር ራሳችሁ አርሙት፤ አካውንት መክፈት በነፃ ነው፣ የደሴን ቀጭን መንገዶች ደግሞ ከደሴ ልጅ በላይ የሚያውቅ የለም።