ለትልልቅና ጠበኛ ዓሦች የሚበቃ አኳሪየም እንዴት እንደሚመረጥ

በዓሣ መሸጫ ሱቅ የሚታየው የኦስካር ጫጩት ርዝመቱ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በትንሽ ገንዳ ውስጥ ሲዋኝም የተመቸው ይመስላል። በደንብ ከተመገበ ግን ዓመት ሳይሞላው 20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ሲጎለምስ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ ዕድሜውም ከአሥር ዓመት ይሻገራል። ገንዳ የሚመረጠው ለዚያ ለጎለመሰው ዓሣ ነው። ብዙ ሰው ጫጩቱን አይቶ ትንሽ ገንዳ ይገዛና «ሲያድግ እቀይርለታለሁ» ይላል፤ ዓሣው ከገንዘቡ ቀድሞ ያድጋል። በጠባብ ገንዳ የቀረ ትልቅ ዓሣ በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል፤ አብሮት ያለውንም ነክሶ ይጨርሳል። ይህን ማየት ልብ ይሰብራል፤ አስቀድሞ ላሰበበት ሰው ግን ፈጽሞ የማይቀር ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ዓሣውን ይወስኑ

ኦስካር የአማዞን ተፋሰስ ዓሣ ሲሆን ሲክሊድ ከሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ይመደባል። ይህ ቤተሰብ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ከሐዋሳና ከጫሞ ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶም ከዚሁ ወገን ነው። ወንዱ ቆሮሶ በመራቢያ ጊዜው የሐይቁን ወለል ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ የቀረበውን ሌላ ወንድ ሁሉ ያባርራል። የኦስካርም ሆነ የዘመዶቹ ጠብ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጠቡ የመሬት ጠብ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የገንዳ ምርጫን ግማሽ ጨርሷል።

እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1926 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን በነበረው አሜሪካዊ ቦክሰኛ ስም የተሰየመው ጃክ ዴምፕሲ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። በማሌዥያ ተዳቅሎ የወጣው ፍላወርሆርን ወደ 30 ይደርሳል፤ ብቻውን ቢኖር ይሻለዋል። ወንዱ የጃጓር ሲክሊድ 40 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። ቀይ ጅራት ያለው የአማዞን አምባዛ ግን ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚረዝም ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ዓሣ አይደለም፤ ጫጩቱ ምንም ያህል ቢያምር አይግዙት። ያደገብንን ዓሣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ወንዝ መልቀቅም አይገባም። ባዕድ አዳኝ ዓሣ የአገሩን ዓሣ ጫጩት ይበላል፤ በሽታም ይዞ ሊገባ ይችላል።

ከሊትሩ በፊት ወለሉን ይለኩ

ሻጮች ስለ ሊትር ይናገራሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝተው ለ1,000 ይካፈላሉ። ነገር ግን ሁለት እኩል ሊትር የሚይዙ ገንዳዎችን ያነጻጽሩ። 120 በ50 በ50 የሆነው 300 ሊትር ይይዛል፤ 75 ርዝመት፣ 50 ስፋትና 80 ቁመት ያለውም እንዲሁ 300 ሊትር ነው። የመጀመሪያው ወለል 6,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን የሁለተኛው 3,750 ብቻ ነው። ለመሬት ለሚጣላ ዓሣ ከራሱ በላይ ያለው ረጅም ውሃ ጠቀሜታው ትንሽ ነው። ቁመቱ ለሳሎን ውበት ይሆናል፤ ዓሣውን የሚያኖረው ወለሉ ነው።

ስፋቱ በብዛት የሚዘነጋው ልኬት ነው። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓሣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ገንዳ ውስጥ ሳይጣመም መዞር አይችልም። ስለዚህ ስፋቱ ቢያንስ የጎለመሰውን ዓሣ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ ሁለት እጥፍ ቢሆን የበለጠ ጥሩ ነው። ርዝመቱ ደግሞ ከአራት እጥፍ አይነስ። ለአንድ ኦስካር 120 በ50 በ50 ዝቅተኛው ልክ ነው፤ እኔ ግን አቅሙ ላለው ሁሉ 150 በ60 በ60 እላለሁ። ሁለት ኦስካር ወይም አንድ ጃጓር ከተፈለገ ርዝመቱ 180፣ ስፋቱ 60 ይሁን።

ርዝመት ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ዓሦቹ ሲጣሉ ይታያል። የተሸነፈው ይሸሻል፤ አሸናፊው እስከ ድንበሩ ያሳድደውና ይመለሳል። መሸሻ ከሌለ ግን ማሳደዱ ማብቂያ የለውም። በረጅም ገንዳ መሐል ትላልቅ ድንጋዮች ቢቀመጡ ሁለቱ ከዓይን ለዓይን ስለሚሰወሩ ጠቡ ይበርዳል። ድንጋዮቹን ጠጠሩ ላይ አያስቀምጡ፤ እነዚህ ዓሦች ይቆፍራሉ፣ ድንጋዩም ይናድና መስታወቱን ይሰብራል። መጀመሪያ ድንጋዩን በስስ ፎም ላይ ከወለሉ አሳርፈው ጠጠሩን በዙሪያው ያፍስሱ።

መስታወቱና ክብደቱ

የውሃ ግፊት የሚጨምረው በጥልቀት ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 120 ርዝመት ላለው ገንዳ 10 ሚሊ ሜትር መስታወት ይጠይቁ፤ ቁመቱ 60፣ ርዝመቱ 180 ሲሆን ከ12 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ከላይም ደጋፊ መስታወት በዙሪያውና በመሐሉ ይጣበቅ። መስታወት ቤት የሚያሠሩ ከሆነ ሲሊኮኑ ፀረ ሻጋታ ያልተጨመረበት መሆኑን ያረጋግጡ፤ መድኃኒቱ ዓሣ ይገድላል። ሲሊኮኑ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይድረቅ፤ ከዚያ ገንዳው ቤት ሳይገባ ውጭ ተሞልቶ ጥቂት ቀናት ይቆይ።

150 በ60 በ60 የሆነ ገንዳ 540 ሊትር፣ ማለትም 540 ኪሎ ግራም ውሃ ይይዛል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር መስታወቱ ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ ጠጠሩ፣ ድንጋዩና መቆሚያው ሲጨመሩ ከ700 ኪሎ በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ከአንድ ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ያርፋል። ምድር ቤት ላይ ችግር የለውም፤ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ግን ሳይገዛ በፊት መሐንዲስ ያማክር። መቆሚያው በውሃ ልክ ይስተካከል፤ ትንሽ ካዘመመ ጫናው በአንድ ማዕዘን ላይ ይከማቻል።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ትልቅ ገንዳ ከመግዛት በፊት ይህን ጥያቄ መመለስ ግድ ነው። እነዚህ ዓሦች ብዙ ይበላሉ፣ ብዙ ያቆሽሻሉ። በየሳምንቱ ሲሶው ውሃ ይቀየራል፤ ለ540 ሊትር ገንዳ 180 ሊትር፣ ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ሰው ይህን መወጣት ያቅተዋል። በቧንቧ ውሃ ያለው ክሎሪንም በማስወገጃ ፈሳሽ መታከም አለበት።

ማጣሪያው የገንዳውን ውሃ በሰዓት ቢያንስ አምስት ጊዜ የሚያዞር ይሁን፤ ለዚሁ ገንዳ 2,700 ሊትር ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አቅም ባዶ ማጣሪያ የሚሰጠው ስለሆነ ከዚያ ከፍ ያለውን ይምረጡ። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ሌላም ነገር አለ። በከፍታው ምክንያት የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃው መያዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የውሃው ገጽ ሁልጊዜ ይናወጥ፤ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕም ይዘጋጅ። መብራቱ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ ማጣሪያውን ሳያጥቡ አያስነሱት፤ ውስጡ የተበላሸው ውሃ ወደ ዓሣው ይገባል። የማጣሪያውን ስፖንጅ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይለቅልቁት፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ስፖንጁ ላይ ሆነው የዓሣውን ቆሻሻ የሚለውጡትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል።

የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን ስላለበት ለደጋ ቤት ማሞቂያ የግድ ነው። ትልቅ ዓሣ የመስታወት ማሞቂያን መትቶ ስለሚሰብር መከላከያ ያለውን ይግዙ። ክዳኑም ከባድ ይሁን፤ ኦስካር ይዘላል።

ሁሉም ከተተከለ በኋላ ገንዳው ያለ ዓሣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይሥራ። በዚህ ጊዜ ጥቂት የዓሣ ምግብ በየጊዜው ጣል ይደረግበታል፤ ምግቡ ሲበሰብስ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ ወደሚቀንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ ይራባሉ። በውሃ መመርመሪያ መለኪያ አሞኒያውም ናይትራይቱም ከፍ ብለው ታይተው ሁለቱም ወደ ዜሮ ሲወርዱ ሲሶውን ውሃ ይቀይሩ፤ የገንዳውን መብራት ያጥፉና ዓሣውን ያስገቡ።